ለመጠጥ ውሃ መስመር ፊቲንግ ስትመርጡ፦ ከመደብሩ እስከ መጀመሪያው ብርጭቆ

ጠዋት ከቧንቧ የምትቀዱት የመጀመሪያ ብርጭቆ ውሃ ያደረው ዋናው መስመር ውስጥ አይደለም። ያደረው እዚያው ቤታችሁ ነው፦ ጎሚቶው (የቧንቧው ማጠፊያ) ውስጥ፣ መዝጊያው ውስጥ፣ ሩቢኔቶው ውስጥ። ስድስት ሰባት ሰዓት ከብረት ጋር ተጣብቆ አድሯል። ብረቱ የሚለቀው ነገር ካለ የሚለቀው ያኔ ነው።

ቧንቧ የሚያዘረጋ ሰው ብዙ የሚጨነቀው ስለ ቧንቧው ነው። ፕላስቲክ ይሁን ብረት፣ ስንት ኢንች፣ የማን ምርት። ፊቲንጉን፣ ማለትም ቧንቧውን የሚያያይዘውን፣ የሚያጥፈውንና የሚዘጋውን ትንንሽ ዕቃ፣ ግን «ከዚያው ጨምርልኝ» ብሎ ያልፈዋል። የጤናውም የፍሳሹም ጣጣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዚህች በተናቀችው ዕቃ በኩል ነው።

ዋናው ጉዳይ እርሳስ ነው። የምንጽፍበት አይደለም፤ እሱ በስም ብቻ እርሳስ ተባለ እንጂ ውስጡ ግራፋይት ነው። የምናወራው ስለ ከባዱና ለስላሳው ብረት ነው። ሮማውያን የውሃ ቧንቧቸውን ከእሱ ይሠሩ ነበር። በላቲን «ፕሉምቡም» ይሉታል፤ እንግሊዞች ቧንቧ ሠራተኛን «ፕላምበር» የሚሉት ከዚሁ ቃል ነው።

እርሳስ ውሃ ውስጥ ሲገባ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። የሕፃናትን የአእምሮ እድገት ይጎዳል። በአዋቂ ላይ ደግሞ በደም ግፊትና በኩላሊት በኩል ይመጣል። «ይህን ያህል ቢሆን ችግር የለውም» የሚባል መጠን አልተገኘለትም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጊዜያዊ መጠን በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ በ2036 ወደ 5 እንዲወርድ ወስኗል። ማፍላት አያድንም። ውሃው ይተናል፣ እርሳሱ ይቀራል፤ ስለዚህ ያፈላችሁት ውሃ እንዲያውም ይብሳል።

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 200 ግራም የሚመዝን የብራስ (የመዳብና የዚንክ ቅልቅል) ቫልቭ፣ ማለትም መዝጊያ፣ 3 በመቶ እርሳስ ቢኖረው፣ ውስጡ 6 ግራም እርሳስ አለ። ይህ 6 ሚሊዮን ማይክሮግራም ነው። አንድም ሳይቀር ቢለቀቅ 600 ሺህ ሊትር ንጹሕ ውሃ 10 ማይክሮግራም ላይ ያደርሳል። ሁሉም አይለቀቅም፤ የሚወጣው ውሃ ከሚነካው ገጽ ላይ ጥቂት በጥቂት ነው። ግን ለምን በትንሿ ዕቃ ላይ እንደምጨቀጭቅ አሁን የገባችሁ ይመስለኛል።

1. መጀመሪያ ውሃችሁን እወቁ

ጥሩ ብረት የሚባል ነገር ለብቻው የለም። ለአንዱ ውሃ የተስማማ ብረት ለሌላው ውሃ ሁለት ዓመት አይቆይም። በአሜሪካ ሚሺጋን የምትገኘው ፍሊንት ከተማ እ.ኤ.አ. በ2014 የውሃ ምንጯን ወደ ወንዝ ስትቀይር ቧንቧዎቿ ያው የድሮዎቹ ነበሩ። የተቀየረው ውሃው ነው። አዲሱ ውሃ ብረት ይበላ ነበር፤ ዝገት የሚከላከለውም ኬሚካል አልተጨመረበትም። ቧንቧው ውስጥ ለዓመታት የተጋገረው ሽፋን ተነሣና እርሳሱ ወደየቤቱ ገባ።

ስለዚህ ከውሃ አቅራቢው ወይም ከላቦራቶሪ አራት ነገር ጠይቁ፦ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ)፣ አልካላይነት (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ)፣ ክሎራይድ (ከጨው የሚመጣ) እና የውሃው ጥንካሬ፣ ማለትም የካልሲየምና የማግኒዚየም መጠን። ፒኤቹ ከ6.5 በታች ከሆነ ውሃው አሲዳማ ነው፤ መዳብንም ብራስንም ይበላል። ክሎራይዱ ከፍ ካለ፣ ለምሳሌ ጨዋማ የጉድጓድ ውሃ ከሆነ፣ ተራ ብራስና ርካሽ ስቴንለስ ይቸገራሉ። የዝናብ ውሃ ለስላሳ ነው፤ ሰው ንጹሕ ነው ብሎ ያምነዋል፣ ለብረት ግን ክፉ ነው።

ላቦራቶሪ ሩቅ ከሆነባችሁ ዓይናችሁም ይናገራል። የእጅ መታጠቢያው ላይ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ እድፍ ካለ መዳብ እየተበላ ነው። ቀይ ቡናማ ከሆነ ብረት እየዛገ ነው። ሩቢኔቶው አፍ ላይ ነጭ ቅርፊት ከጋገረ ውሃችሁ ጠንካራ ነው።

2. የሚጠጣውንና የማይጠጣውን ለዩ

ለሽንት ቤት ማጠቢያ፣ ለአትክልት፣ ለእሳት ማጥፊያ የሚሄደው መስመር የእርሳስ ገደብ ላይኖርበት ይችላል። የአሜሪካ ሕግ ለምሳሌ እነዚህን ከገደቡ ውጭ አድርጓቸዋል። ችግሩ ሁለቱም ዓይነት ፊቲንግ መልካቸው አንድ ነው፤ አንዳንዴም አንድ ሳጥን ውስጥ ተቀላቅለው ይቀመጣሉ። ከመደብር ስትገዙ «ለመጠጥ ውሃ» ብላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ። ቤት ስታስገቡም በሁለት ከረጢት ለዩት።

3. ብረቱን ምረጡ

እዚህ ትንሽ እንቆያለን።

በአማርኛ ነሐስ ስንል ሁለት የተለያየ ነገር እንቀላቅላለን። አንዱ ገበያው ብራስ የሚለው የመዳብና የዚንክ ቅልቅል ነው። ሌላው ብሮንዝ፣ የመዳብና የቆርቆሮ ቅልቅል ነው። ሻጩ «ነሐስ ነው» ሲላችሁ የትኛው ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ብራስ ነው።

ብራስ ውስጥ እርሳስ የሚጨመረው ለማጭበርበር አይደለም። ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቆርጥ ማሽን) ላይ በቀላሉ እንዲቆረጥና ፍርፋሪው አጭር እንዲሆን ነው። በተለመደው ብራስ ከ1.5 እስከ 4 በመቶ ገደማ ይገባል። እርሳሱ ከመዳቡ ጋር አይዋሃድም፤ እንደ ጥቃቅን ጠብታ ተበትኖ ይቀመጣል። ብረቱ ሲቆረጥ እነዚህ ጠብታዎች ገጹ ላይ ይለቀለቃሉ። አዲስ ፊቲንግ በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ብዙ እርሳስ የሚለቀው ለዚህ ነው። አዲስ ስለሆነ ንጹሕ ነው የምንለው ነገር እዚህ ላይ ተገላቢጦሽ ነው።

ዛሬ እርሳሱን በቢስመዝ ወይም በሲሊከን የተኩ ብራሶች አሉ። ለመጠጥ ውሃ ብራስ ከገዛችሁ እነዚህን ግዙ።

ሁለተኛው የብራስ በሽታ የዚንክ መሸሽ ነው። ዚንኩ ከ15 በመቶ በላይ በሆነ ብራስ ውስጥ፣ ክሎራይድ የበዛበትና አልካላይነቱ ዝቅ ያለ ውሃ ዚንኩን መርጦ ይወስዳል፤ መዳቡ ብቻውን እንደ ስፖንጅ ይቀራል። እኔ ራሴ አንድ ቫልቭ ልፈታ ስል እጄ ላይ ተሰብሯል። ከውጭ ምንም አይመስልም። ውስጡ ግን ሮዝማ ሆኖ እንደ ጠመኔ ይፈረፈር ነበር። ምልክቱን ቀደም ብዬ አይቼው ነበር፤ ክሩ ላይ ነጭ አረፋ የመሰለ ነገር ደርቆ ተጋግሯል። የካልሲየም ቅርፊት ነው ብዬ ጠርጌ ተውኩት።

ይህን የሚቋቋም ብራስ አለ። ዲዚአር ወይም ሲአር ይባላል፤ ትንሽ አርሰኒክ ወይም አንቲሞኒ ተጨምሮበት ዚንኩ እንዳይሸሽ ይደረጋል። (አርሰኒክ መባሉ አያስደንግጥ፤ መጠኑ በመቶ ሲሰላ እንኳ ከነጥብ በኋላ ነው።) ብዙ ባለሙያ ሳይቀር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ዲዚአር ማለት እርሳስ አልባ ማለት አይደለም። በሰፊው የሚታወቀው ዲዚአር ብራስ፣ ሲደብሊው 602 ኤን የሚባለው፣ 2 በመቶ ገደማ እርሳስ አለው። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። አንዱ ዕቃው ምን ያህል ይቆያል ነው። ሌላው ለሚጠጣው ሰው ደህና ነው ወይ ነው። ሁለቱንም ጠይቁ።

ብሮንዝ የዚንክ መሸሽን በደንብ ይቋቋማል፤ ብዙ ሰውም «ብሮንዝ ከሆነ አይታማም» ይላል። ይታማል። ለቫልቭ በብዛት ሲያገለግል የኖረው ቅልቅል 85 በመቶ መዳብ፣ 5 ቆርቆሮ፣ 5 ዚንክ እና 5 በመቶ እርሳስ ነው። ከተራው ብራስ ይበልጣል ማለት ነው።

ስቴንለስ ስቲል የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ነው። እርሳስ የለበትም፣ ውሃው ካልከፋ ዕድሜው ረጅም ነው። 304 የሚባለው 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል አለው፤ ለአብዛኛው የቤት ውሃ ይበቃል። 316 ላይ ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም ይጨመራል፤ ጨው የበዛበት ውሃ ካላችሁ ይህን ግዙ። ጥንቃቄው 201 ከሚባለው ነው። ኒኬሉ ተቀንሶ በማንጋኒዝ የተተካ ነው፤ ሲያዩት ያው ስቴንለስ ነው፣ ቶሎ ግን ይዝጋል። ሌላው ጠባዩ፣ ስቴንለስ ክር በስቴንለስ ክር ላይ ደረቁን ሲጠብቅ እርስ በርሱ ይነካከስና አልፈታም ይላል። ቴፍሎን ወይም ቅባት አትርሱ።

መዳብ ጥሩ ነው፣ ፒኤቹ ከፈቀደ። የዓለም ጤና ድርጅት የመዳብ መጠን በሊትር 2 ሚሊግራም ነው።

ጋልቫናይዝድ፣ ማለትም ዚንክ የተለበጠ ብረት፣ ለአዲስ የመጠጥ መስመር ባትገዙት እመርጣለሁ። ዚንኩ ይበላል፣ ቀጥሎ ብረቱ ይዝጋል፣ ዝገቱ ቧንቧውን ያጠባል። የድሮው የዚንክ ልባጥ ውስጥ ደግሞ እርሳስና ካድሚየም ይገኝ ነበር። ለሙቅ ውሃ ፈጽሞ አይሁን። ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በላይ ዚንኩ ብረቱን መጠበቁን ሊተውና ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል።

ዛማክ፣ ክሮም የተቀባ የዚንክ ውሁድ፣ ለእጀታና ለጌጥ ይሁን። ውሃ የሚያልፍበት አካል ላይ አይሁን። አሉሚኒየምም እንደዚያው።

የፕላስቲክ ቧንቧ የዘረጋችሁም «እኔን አይመለከተኝም» እንዳትሉ። ፒፒአር (በሙቀት የሚያያዝ የፕላስቲክ ቧንቧ) ፊቲንግ ላይ ክር ያለውን ጎን ተመልከቱ፤ ፕላስቲኩ ውስጥ የተቀበረ ቢጫ ወይም ነጭ ብረት አለ። እሱ ብራስ ነው፤ ነጭ የሆነው ኒኬል ተቀብቶ ነው። ሩቢኔቶ ባለበት ሁሉ አንድ አለ። ተጣጣፊው ቱቦም እንደዚያው ነው። ከውጭ የተጠለፈው ስቴንለስ ውሃ አይነካውም። ውሃ የሚነካው ውስጡ ያለው ጎማና ጫፉ ላይ ያለው ኒፕል (ማያያዣው ብረት) ነው። በነገራችን ላይ ክሎሪን ያለበትን በረኪና ከሥሩ አታስቀምጡ፤ ትነቱ ጥልፉን ይበላል።

4. ምልክቱን አንብቡ

ብረትን በዓይን ማወቅ አይቻልም። ክብደትም ቢጫነትም ስለ እርሳስ የሚነግራችሁ ነገር የለም። የሚነግራችሁ ዕቃው ላይ የታተመው ነው።

«እርሳስ አልባ» የሚለው ቃል ራሱ ታሪክ አለው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1986 ሕግ በኋላ እስከ 8 በመቶ እርሳስ ያለው ፊቲንግ በሕግ «እርሳስ አልባ» ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. ከጥር 2014 ወዲህ ነው ውሃ በሚነካው ገጽ ላይ በአማካይ ከ0.25 በመቶ እንዳይበልጥ የተደረገው። ስለዚህ ቃሉን ሳይሆን ቁጥሩን ፈልጉ። በላቲን ፊደል «ኤልኤፍ» (LF) የሚል ምልክት ዕቃው አካል ላይ ተቀርጾ ካያችሁ ጥሩ ጅምር ነው።

ከዚያ የሁለት የአሜሪካ የመጠጥ ውሃ ዕቃ ደረጃዎችን ቁጥር ፈልጉ፦ ኤንኤስኤፍ (NSF) 61 እና ኤንኤስኤፍ 372። 372 የሚለካው ብረቱ ውስጥ ያለውን እርሳስ ነው። 61 የሚለካው ወደ ውሃው የሚወጣውን ነው፤ እርሳስ ብቻ ሳይሆን ሌሎች ብረቶችንና ኬሚካሎችንም ይመለከታል። ለእኔ 61 ይበልጣል፤ የምንጠጣው የወጣውን ነውና። ለሩቢኔቶና ለመሰሎቹ የ61 የእርሳስ ገደብ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ከ5 ማይክሮግራም ወደ 1 ወርዷል። በብሪታንያ ዋራስ፣ በአውስትራሊያ ወተርማርክ የሚባሉ ማረጋገጫዎች አሉ። ምልክት ማተም ግን ማንም ይችላል። የሞዴል ቁጥሩን ይዛችሁ የመዝጋቢው ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት።

ሰውን የሚያዘናጉ ምልክቶችም አሉ። ፒኤን 16 ማለት 16 ባር ግፊት ይችላል ማለት ብቻ ነው። አይኤስኦ 9001 ስለ ፋብሪካው አሠራር እንጂ ስለ ውሃ አያወራም። ሲኢ (CE) የሚለው የአውሮፓ ገበያ ምልክትም ለመጠጥ ውሃ ተፈትኗል ማለት አይደለም።

5. መደብሩ ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ

ማግኔት ያዙ። ብራስ ነው የተባለው ዕቃ ማግኔት ከሳበ ውስጡ ተራ ብረት ነው። አልሳበም ማለት ግን ብራስ ነው ማለት አይደለም፤ ዛማክም አሉሚኒየምም አይስቡም። 201 ስቴንለስም እንደ 304 አብዛኛውን ጊዜ አይስብም።

ሻጩ ከፈቀደ በማይታይ ቦታ በሞረድ ጫር አድርጉ። ቢጫ ከወጣ ብራስ ነው። ግራጫማ ነጭ ከወጣ ዛማክን ጠርጥሩ። ክሩን በጣታችሁ ዳስሱት፤ የተበላሸ ጥርስ፣ የአሸዋ ቀዳዳ፣ ወጣ ገባ ግድግዳ ያለውን መልሱ።

ቀለም የሚቀይሩት የእርሳስ መመርመሪያ ዘንጎች ቀለም ካሳዩ አትግዙ። ካላሳዩ ግን ዕቃው ከ0.25 በመቶ በታች ነው ብላችሁ አትደምድሙ። የተሻለው በኤክስሬይ የሚሠራው በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ነው። ቁርጥራጭ ብረት የሚገዙ ድርጅቶች ጋር ይገኛል። እሱም ቢሆን የሚያነበው ላዩን ነው፤ በክሮም ልባጥ ላይ ሳይሆን ባዶው ብረት ላይ ይደረግ።

6. ከጎኑ ያለውን ብረት እዩ

ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተያይዘው ውሃ ሲያልፍባቸው ትንሽ ባትሪ ይሆናሉ። ደካማው ይበላል። ጋልቫናይዝድና መዳብ በቀጥታ ከተያያዙ የሚጎዳው ጋልቫናይዝዱ ነው።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። ውሃው መጀመሪያ በመዳብ፣ ቀጥሎ በጋልቫናይዝድ ካለፈ፣ ከመዳቡ የወጣች ጥቂት መዳብ ዚንኩ ላይ ታርፍና ከመገጣጠሚያው ርቃ ሳይቀር ትበሳለች። ስለዚህ በውሃው አካሄድ ጋልቫናይዝድ ይቅደም፣ መዳብ ይከተል። መጋጠሚያው ላይ ሁለቱን ብረቶች በፕላስቲክ የሚለያይ ዩኒየን (የሚፈታ መገጣጠሚያ) አስገቡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የቆየ ቤት ውስጥ የብረት የውሃ ቧንቧው ለኤሌክትሪክ መሬት (ኧርዝ) ተደርጎ ሊሆን ይችላል። ቧንቧውን ስትቆርጡ፣ የፕላስቲክ ዩኒየን ስታስገቡ ወይም በፕላስቲክ ስትተኩ ያ መስመር ይቋረጣል። ከመነካቱ በፊት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይየው።

7. ሲገጠም

ክሩ መግጠሙን አረጋግጡ። ቢኤስፒ እና ኤንፒቲ የሚባሉ ሁለት የክር ሥርዓቶች አሉ። በግማሽ ኢንችና በሦስት ሩብ ኢንች ሁለቱም በኢንች 14 ጥርስ ስላላቸው ይገባሉ፣ ያታልላሉ። የጥርሱ ማዕዘን ግን አንዱ 55፣ ሌላው 60 ዲግሪ ነው። ትንሽ ዞሮ ይጠብቃል፣ ከዚያ ያፈሳል። ሠራተኛው ደግሞ ቴፍሎን እየጨመረ፣ በቁልፍ እየታገለ ብራሱን ይሰነጥቀዋል። የግድ ከጠበቀባችሁ ፍቱትና ክሩን እዩ።

ቴፍሎኑን ጫፉ ወደ እናንተ ዞሮ ሳለ እንደ ሰዓት አቆጣጠር ጠምጥሙት። ከመጀመሪያው ጥርስ ማለፍ የለበትም፤ ያለፈው ተቆርጦ ውሃ ውስጥ ይገባል። በፓስታ የምታሽጉ ከሆነ ለመጠጥ ውሃ የተፈቀደ ይሁን። የድሮ ቀይና ነጭ የእርሳስ ማሸጊያ ከዕቃ ሳጥን ቢገኝ አትጠቀሙበት።

መዳብ በብየዳ ከተያያዘ የመበየጃውን ጥቅል ራሳችሁ እዩት። ቆርቆሮና መዳብ፣ ወይም ቆርቆሮና ብር የሆነው ለውሃ ይሁን። ለኤሌክትሮኒክስ የሚያገለግለው 60/40 የሚባለው 40 በመቶው እርሳስ ነው፤ ለመቅለጥ ቀላል ስለሆነ አንዳንድ ሠራተኛ ይወደዋል።

8. ከመጠጣት በፊት

የሩቢኔቶውን ወንፊት ፍቱ። ቀዝቃዛውን ውሃ ሙሉ በሙሉ ከፍታችሁ ለብዙ ደቂቃ ልቀቁት። ፍርፋሪ፣ አሸዋ፣ የብየዳ ጠብታ ይወጣል። ወንፊቱን አጥባችሁ መልሱ። ከሳምንት በኋላ ደግማችሁ ፍቱት፤ የብረት ቅንጣት የሚከማቸው እዚያ ነው፣ ውሃውም በላዩ ላይ ያልፋል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠዋት ጠዋት ውሃው ቀዝቀዝ እስኪል ልቀቁት። የለቀቃችሁትን ለማጠቢያ ያዙት፣ አይደፋም። ለመጠጥና ለምግብ ሁልጊዜ ከቀዝቃዛው ቅዱ፤ ሙቅ ውሃ ከብረት ብዙ ያወጣል። በተለይ የሕፃን ወተት በሙቅ ቧንቧ ውሃ አይበጥበጥ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አስመርምሩ። ውሃው ቢያንስ 6 ሰዓት ሳይነካ ይቆይ። ከዚያ ሳትለቁ፣ ወንፊቱንም ሳትፈቱ፣ የመጀመሪያውን 1 ሊትር ላቦራቶሪው በሰጣችሁ ጠርሙስ ቅዱ። ውሃውን አምስት ደቂቃ ያህል ልቀቁና ሁለተኛ ጠርሙስ ቅዱ። የመጀመሪያው እርሳሱ ከፍ ብሎ ሁለተኛው ዝቅ ካለ፣ ጥፋተኛው ሩቢኔቶው ወይም አጠገቡ ያለው ፊቲንግ ነው፤ እሱን ቀይሩ። ሁለቱም ከፍ ካሉ ምንጩ ራቅ ይላል፤ ከመንገዱ ወደ ቤት የሚገባውን ቧንቧ ቆፍራችሁ ማየት ሊኖርባችሁ ነው።